በሥራ ቀን ማታ በቀላሉ ስለሚሰናዳ የሜክሲኮ ዶሮ

ስለ ምግብ አሠራር መጻፍ ለአንዳንድ ሰው የተናቀ ነገር ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን ሰው በየዕለቱ ከሚሠራው ሥራ ሁሉ፥ ዛሬ ተፈጽሞ ነገ ደግሞ እንደ አዲስ የሚጠብቅ፥ በበዓልም በሐዘንም የማይቀር ሥራ ቢኖር ምግብ ማሰናዳት ነው። ይህንንም ሥራ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ በጫንቃቸው የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። የቤቱ ጌታ ከሥራው ሲመለስ ኮቱን አውልቆ ይቀመጣል፤ የቤቱ እመቤት ግን ከውጭ ሥራዋ ብትመለስም ሁለተኛው ሥራዋ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ አንድ እራት ስጽፍ፥ ስለ ቤት ሰላምና ስለ ትክክለኛ ፍርድም መጻፌ መሆኑን አንባቢዎች እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን ስለ ቈየሁ፥ የባልና የሚስት ክርክር በእጄ ያልጻፍኩበት ዓመት የለም። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ስለ ቤት፥ ስለ ከብት፥ ስለ ልጅ ቀለብ ነው። ዳሩ ግን ባለጕዳዮቹ ጠቡ ከምን እንደ ተነሣ ሲጠየቁ፥ ነገሩ ብዙ ጊዜ ወደ ገበታ ይወርዳል። «ማታ ደክሜ ስገባ እራት አላገኝም» ይላል ባልዬው። «እኔስ ከየት ነው የምገባው?» ትላለች ሚስቲቱ። እንዲህ ያለው ቃል ከክሱ ፍሬ ነገር አይቈጠርም፤ እኔ ግን እየጻፍኩ አስበዋለሁ፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋልና።

ከእራት ሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚፈጅ ደግሞ ዶሮ ነው። የአገራችን ዶሮ ወጥ ክብሩ የታወቀ ነው፤ እኔም ክብሩን ለማሳነስ አልጻፍኩም። ዶሮው በወንድ እጅ በስመ አብ ተብሎ ይታረዳል፤ በፈላ ውሃ ይነጫል፤ በእሳት ይለበለባል፤ ከዚያም በ12 ብልት ይገነጠላል፤ እያንዳንዱም ብልት ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ በጨውና በሎሚ ደጋግሞ ይታጠባል። ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ በዝግታ ሲቁላላ ሰዓታት ያልፋሉ፤ በርበሬው ገብቶ ውሃ ጠብ እየተደረገለት ይበስላል፤ ቅቤው፥ ቅመሙ፥ የተቀቀለው እንቍላል በየተራው ይከተላል። ይህ ሁሉ ድካም ለፋሲካ፥ ለገና፥ ለእንቍጣጣሽና ለተከበረ እንግዳ የተገባ ነው። ማክሰኞ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ የምትገባ እመቤት ግን ይህን ሁሉ ልታደርስ አትችልም፤ ብታደርስም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለ ሆኑ፥ ከሥራ ቀኖች ለዶሮ የሚተርፉት ሰኞ፥ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በብዙ ቤት ዶሮ ከበዓል ወደ በዓል ካልሆነ በቀር አይቀርብም።

የእኔ ቤት በጎጆ ከተማ ነው። ጎጆ የጀልዱ ወረዳ ከተማ ሲሆን፥ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ጊንጪ ከተደረሰ በኋላ ወደ ሰሜን በመታጠፍ የሚደረስበት ብርዱ የጸና ደጋ ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ናት። እናቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ሦስት ልጆች አሉን፤ ከቤተ ዘመድ መጥታ በቤት ሥራ እየረዳች በማታ የምትማር አንዲት ልጅም አለች። እንደ አገሩ ሥርዐት ዶሮ በቀረበ ቍጥር ፈረሰኛው ለአባወራው ይወጣል፤ ቅልጥሙ ለልጆች ይደርሳል፤ አንገቱና የክንፉ ጫፍ ወደ ማጀት ይመለሳል። ይህ በማንም ክፋት የተደረገ አይደለም፤ ሥርዐቱ እንደዚያ ሆኖ ስለ ቈየ ነው። ዳሩ ግን ውሃውን የቀዳች፥ እሳቱን ያነደደች፥ ሽንኩርቱን የላጠች ልጅ አንገት ሲደርሳት ማየት፥ ቀኑን ሁሉ ስለ እኩልነት የሚናገር አንቀጽ ሲገለብጥ ለሚውል ሰው የሚያሳስብ ነገር ነው።

አሁን የምነግራችሁን ምግብ መጀመሪያ ያየሁት በአዲስ አበባ፥ ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በምትኖረው በእኅቴ ቤት ነው። ስሙን «የሜክሲኮ ዶሮ» ስላለችው፥ ልጆቼ በአደባባዩ ስለ ተሸጠ የተሰየመ መስሏቸው ነበር። እኔም የስሙን ነገር አጫወትኳቸው። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፥ ብዙ መንግሥታት የጕልበትን ሥራ እንደ ሕግ ቈጥረው ወረራውን እያደር ተቀበሉት። ሜክሲኮ ግን በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ዘመን በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተከራከረች፤ የኢጣልያንም ግዛት አልቀበልም ብላ እስከ መጨረሻው ጸናች። እንዲህ ያደረጉት መንግሥታት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ለዚህ ወዳጅነት መታሰቢያ በአዲስ አበባ አደባባይ በስሟ ተሰየመ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጐበኙ። በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገኛል፤ የጣቢያውም ምልክት የአንበሳ ራስ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ሜክሲኮ ከአደባባዩ አስቀድማ ወደ ማጀታችን መግባቷ ነው። በቆሎ ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት በደቡባዊት ሜክሲኮ ከአንድ የዱር ሣር ተለምዶ እህል የሆነ ነው። በርበሬና ቃሪያ የዚያው የአሜሪካ ምድር ተክሎች ናቸው፤ ቦሎቄም እንዲሁ። ቲማቲም ስሙ ራሱ ከጥንቶቹ ሜክሲኮዎች ቋንቋ ከናዋትል የመጣ ነው፤ እነርሱ «ቶማትል» ይሉታል። ኮሎምቦስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1492 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ፥ እነዚህ ዘሮች በመርከበኞችና በነጋዴዎች እጅ ወደ ሌላው ዓለም ተበተኑ። እንግዲህ ከዚያ በፊት የነበሩት አባቶቻችን ወጣቸውን የሚያጣፍጡት በኮረሪማ፥ በዝንጅብልና እነዚህን በመሰለው ቅመም እንጂ በቀይ በርበሬ አልነበረም። ዶሮ ግን በተቃራኒው ለሜክሲኮ እንግዳ ነው፤ ጥንተ ነገዱ ከእስያ ሲሆን ወደዚያ ያደረሱት እስፓኞች ናቸው።

የወጥ ቤቱ ዕቃም ዘመዳሞች መሆናችንን ያሳያል። ሜክሲኮዎች «ኮማል» የሚሉት የእኛ ምጣድ ነው፤ «ሜታቴ» የሚሉት ሴቶች ተንበርክከው የሚፈጩበት የድንጋይ ወፍጮ ነው፤ «ቶርቲያ» የሚሉት ስስ የበቆሎ ቂጣ ነው። ልዩነቱ እነርሱ በቆሎውን ከመፍጨታቸው በፊት ከኖራ ጋር መቀቀላቸው ነው፤ ይህም ቅርፊቱን ያላቅቀዋል፥ በእህሉ ውስጥ ያለውንም ጠቃሚ ነገር ለሰውነት ያዘጋጀዋል። ያደረ ቶርቲያ ሲደርቅ አይጥሉትም፤ ቈራርሰው በቃሪያና በቲማቲም መረቅ ያርሱትና «ቺላኪለስ» ብለው ይበሉታል። በእኛ አገር ቂጣ ተቈራርሶ በቅቤና በበርበሬ ሲታሽ ጨጨብሳ እንደሚባል ማለት ነው። ያንኑ ቶርቲያ ከዶሮ፥ ከመረቅና ከአይብ ጋር በድርብርብ አድርገው በእሳት ሲያበስሉት ደግሞ «ፓስቴል አዝቴካ» ይሉታል። የእኅቴ ዶሮ የዚህ ዘመድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለ7 ወይም ለ8 ሰው 1 መካከለኛ ዶሮ፥ የበቆሎ ዱቄት 3 ብርጭቆ፥ የስንዴ ዱቄት 1 ብርጭቆ፥ የተቀቀለ ቦሎቄ 2 ብርጭቆ፥ የተፈለፈለ እሸት በቆሎ 1 ብርጭቆ፥ ቲማቲም 8፥ ቀይ ሽንኩርት 2፥ ነጭ ሽንኩርት 5 ፍሬ፥ ቃሪያ 3፥ በርበሬ 1 የሾርባ ማንኪያ፥ የተፈጨ ከሙን 1 የሻይ ማንኪያ፥ ጥቂት ጦስኝ፥ ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ፥ አይብ 2 ብርጭቆ፥ ሎሚ 1፥ ጨው እንደ ልክ ይዘጋጃል። ከእነዚህ መካከል በጊንጪ ወይም በጎጆ ገበያ የማይገኝ የለም፤ አንድ ስንኳ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር አይጠይቅም።

ቦሎቄው ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። በደጋ ለምንኖር ሰዎች ይህ የማይታለፍ ሥራ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ በቆላ በአጭር ጊዜ የሚበስለው ጥራጥሬ በእኛ ዘንድ እጅግ ይዘገያል። ዶሮውም በትልልቁ ተቈርጦ ከጨውና ከአንድ ሽንኩርት ጋር ይቀቀላል። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነ 45 ደቂቃ ይበቃዋል፤ የሐበሻ ዶሮ ግን 2 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ሲለቅ በስሏል ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ይህን በዋዜማው ቀቅሎ ቢያሳድረው፥ የማታው ሥራ በእጅጉ ይቀልለታል፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ግን የፈረንጅ ዶሮ ገዝቶ በዚያው ማታ ቢቀቅለው ይሻላል። ሥጋው በጣት እየተቦጨቀ ይለያል፤ መረቁ አይደፋም።

ዶሮው በሚቀቀልበት ጊዜ ቲማቲሙ፥ ቀሪው ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው ሳይላጡ በጋለ ምጣድ ላይ እየተገላበጡ ልጣቸው እስኪጠቍር ድረስ ይጠበሳሉ። ይህ የሜክሲኮዎች ብልሃት ሲሆን፥ ሽንኩርት በማቁላላት የሚጠፋውን ረጅም ጊዜ ያሳጥራል፤ መረቁንም የጢስ ጣዕም ያለበት ያደርገዋል። ከዚያ የጠቈረው ልጥ ተነሥቶ በሙቀጫ ይወቀጣል። ዘይቱ በድስት ሲሞቅ በርበሬው ይገባል፤ እንዳያርም ከዶሮው መረቅ ጠብ ይደረግለታል፤ የተወቀጠው ቲማቲም፥ ከሙኑና ጦስኙ ይጨመራል፤ 2 ብርጭቆ የዶሮ መረቅ ገብቶበት 15 ደቂቃ ይንተከተካል። ከእሳት ሲወርድ ሎሚው ይጨመቅበታል። ቂጣው ስለሚጠጣው መረቁ ቀጠን ማለት አለበት።

ለቂጣው ሁለቱ ዱቄቶች ከጨው ጋር ተደባልቀው በለብታ ውሃ ይቦካሉ፤ ሳይኮመጥጡም ወዲያው በ9 ቂጣ ይጋገራሉ። ከውሃው ግማሹን አምቦ ውሃ ብታደርጉት ቂጣው ይለሰልሳል፤ ባለቤቴ ሁልጊዜ እንደዚህ ታደርጋለች። ቀጥሎ ሰፊ ድስት ዘይት ይቀባና ከታች ጥቂት መረቅ ይፈስበታል። ሦስት ቂጣ ይነጠፋል፤ በላዩ ከዶሮው ሥጋ፥ ከቦሎቄውና ከእሸቱ ሢሶው ይበተናል፤ መረቅ ይፈስበታል፤ አይብ ይነሰነስበታል። እንዲህ እየተደረገ ሦስት ጊዜ ይደረደራል፤ የመጨረሻው አይብ ከላይ ይሆናል። የእኛ አይብ እንደ ፈረንጅ አይብ አይቀልጥም፤ ነገር ግን ሜክሲኮዎች «ቄሶ ፍሬስኮ» የሚሉት ትኵስ አይብ እንዲሁ ተፈርፋሪ ስለ ሆነ ጣዕሙ አይጐድልም።

የፈረንጅ ምድጃ ያለው ሰው በ180 ዲግሪ ለ25 ወይም ለ30 ደቂቃ ያበስለዋል። የሌለው ግን እናቶቻችን ድፎ ዳቦ በሚጋግሩበት ጥበብ ይሠራዋል፤ ይኸውም ከታች ጥቂት ፍም፥ በብረት ክዳኑም ላይ ብዙ ፍም ማድረግ ነው። ከታች ፍሙ ቢበዛ የታችኛው ቂጣ ያርራል። ከ25 ደቂቃ በኋላ ይወርድና 10 ደቂቃ ሰከን እስኪል ይቈያል፤ ሳይሰክን ቢቈረጥ ይፈርሳልና። ዶሮው አስቀድሞ ከተቀቀለ፥ በ11 ሰዓት ተኩል የተጀመረ ሥራ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ገበታ ይደርሳል።

በቤታችን መጀመሪያ በተሠራበት ማክሰኞ ማታ እናቴ ድስቱ ሲከፈት ጐንበስ ብለው ተመለከቱ።

«ልጄ፥ የዚህ ዶሮ ብልቱ የታል?» አሉኝ።

«እናቴ ሆይ፥ ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ ገብቶበታል፤ ሁሉም እኩል ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ፈረሰኛህን ማን ሊበላው ነው?»

ልጆቹ ሳቁ፤ እናቴ ግን አልሳቁም። ለእርሳቸው ነገሩ የሥጋ ጕዳይ አልነበረም። አባቴ ካረፉ ጀምሮ የቤቱን ሥርዐት የሚጠብቁት እርሳቸው ናቸው። ብልት መለየት ማለት በእርሳቸው ዘንድ ማን ታላቅ፥ ማን ታናሽ እንደ ሆነ በየገበታው መመስከር ነው፤ ይህ ምስክርነት ከጠፋ፥ ነገ ልጅ ለአባቱ ከመቀመጫው አይነሣም ብለው ይሰጋሉ። ይህ ስጋት የሚናቅ አይደለም። እኔም እንዲህ ስል መለስኩላቸው፤ «ክብር በመቅደም ይሁን እንጂ በመብለጥ አይሁን፤ መጀመሪያ የሚቈረሰው ለእርስዎ ነው፤ ልጆቹም ቆመው ያስታጥቡዎታል።» ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቍራሽ በሳህን አድርጋ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ባርከው ቀመሱ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ይህማ ጨጨብሳ ነው፤ ቅቤ ብቻ አንሶታል» አሉ። ባለቤቴም ለጋ ቅቤ አቅልጣ አመጣች።

የቀረውም በእኩል ተቈረሰ፤ ሰባት ሰዎች ሰባት ቍራሽ አገኘን። ያች ልጅ እንደ ልማዷ ሳህኗን ይዛ ወደ ማጀት ልትሄድ ስትነሣ፥ እናቴ ቀና ብለው «ቁጭ ብለሽ ብዪ እንጂ፤ ይቀዘቅዝብሻል» አሏት። ከዚያች ማታ ወዲህ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ይህን ምግብ ዶሮ ብለው አይጠሩትም፤ ለፋሲካም ዶሮው በ12 ብልት ተገንጥሎ ፈረሰኛው ለእኔ እንዲወጣ ያዝዛሉ፤ እኛም በደስታ እንታዘዛለን።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ከሰሙ በኋላ ወንድ ወደ ማጀት መግባቱን ነቅፈውታል፤ በእኛ ቤት ቲማቲሙን የምጠብስና ፍሙን የማሰናዳ እኔ ነኝና። ለዚህም መልስ አለኝ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን የየኔታን ውሃ የምንቀዳና እሳት የምናነድድ እኛው ወንዶቹ ነበርን። በየገዳሙ መነኮሳት ለራሳቸው ያበስላሉ፤ ይህንም አገልግሎት ይሉታል እንጂ ውርደት አይሉትም። በሚሲዮን ትምህርት ቤትም በየተራችን ወጥ ቤት እንገባ ነበር። ለማኅበር ሲሠራ ጽድቅ የሆነ ሥራ፥ ለሚስትና ለልጅ ሲሠራ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ዶሮ ማረድ የወንድ ሥራ ከሆነ፥ ያረደውን እስከ ገበታ መከተልም የሚከብደው አይደለም።

በጀልዱ ድንች እንደ ልብ ስለሚገኝ፥ ቂጣ ለመጋገር ጊዜ ያጠረው ሰው በቂጣው ፈንታ ድንች ቀቅሎ በስሱ እየቈረጠ ሊነጥፍ ይችላል፤ ከሆለታ የእርሻ ምርምር የወጡት እንደ ጉደኔና እንደ ጃለኔ ያሉት ዘሮች ለዚህ ይስማማሉ። በጾም ቀን ደግሞ ዶሮውና አይቡ ቀርተው ቦሎቄውና እሸቱ በእጥፍ ይደረጋሉ፤ በዶሮው መረቅ ፈንታ የቦሎቄው ውሃ ይገባል፤ ጣዕሙም የተወደደ ነው።

እንግዲህ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞች ሆይ፥ በመሥሪያ ቤታችሁ ሥራን በየሰዉ ችሎታና ሰዓት ታከፋፍላላችሁ፤ አንዱ ሁሉን ተሸክሞ ሌላው ተቀምጦ ቢውል ትገሥጻላችሁ። ይህንኑ ትክክለኛነት በቤታችሁ ደጃፍ ላይ አትተዉት። በሚመጣው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ቀደም ብላችሁ ግቡና ቲማቲሙን እናንተ ጥበሱት። እመቤቲቱም ልጆቹ ሳይተኙ ከሁላችሁ ጋር በገበታ ትቀመጣለች።